መቀመጫ ያጡት ግራዝማች

በአንድ ወረዳ ከተማ ሰዎች «ጠጅ ቤት» የሚባል ጨዋታ ይወዱ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች በሰሌዳው ላይ የራሱ ጠጅ ቤት አለው። ከተወረወሩት ዳይሶች በየተራ አንድ ይመርጥና በቁጥሩ ልክ ጨዋ ወይም ሰካራም ደንበኛ የተሳለባቸው፣ ተደፍተው የተቀመጡ ካርታዎች ሳያይ ይወስዳል። የሚያሸንፈው ብዙ ጨዋ ደንበኛ ያለው ነው፤ ሰካራም ከመጣበት ግን አንድ ጨዋ ተነስቶ ይሄድበታል።

አንድ ቀን የወረዳው ገዥ ግራዝማች ይርዳው ከአንዲት ምላሰኛ ጌሾ ሻጭ ጋር ሊጫወቱ ተቀመጡ። «ተራ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ሁሌም ቀድሜ የምመርጠው እኔ ነኝ» ብለው ትልልቁን ቁጥር እያነሱ ካርታውን አፈሱት። ሲቆጠር አብዛኛው ሰካራም ሆነና ሴትዮዋ በአንድ ጨዋ ደንበኛ በለጠቻቸው።

ግራዝማች ፊታቸው ተለዋወጠ። አሽከሮቻቸውን አስጠግተው፣ «ማን አሸነፈ? ‹እኔ› ካልሽ ደፍረሽኛል፤ ‹እርስዎ› ካልሽ ዋሽተሽኛል። በሁለቱም ትገረፊያለሽ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ቤትማ በሰካራም ጢም ብሎ ሞላ» አለች ሴትዮዋ። «ከመሙላቱ የተነሳ እርስዎ ራስዎ መቀመጫ አጡና እኔ ቤት ገቡ። ያ የበለጥኩበት አንድ ጨዋ ደንበኛ እርስዎ ነዎት። ካስገረፉኝ ግን ከሰካራሞቹ እቆጥርዎታለሁ።»