አልለቅም ያለችው ድኩላ

አንድ ጊዜ ሰዎች ከከተማቸው በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ኮሌጅ ለመሥራት ተነሡ። ኮረብታው ግን ባዶ አልነበረም። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር፤ ጫካውም ነዋሪዎች ነበሩት። ጉሬዛዎች ከላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፣ ከርከሮዎች ከታች መሬቱን ይምሳሉ፣ ሚዳቋዎች በማለዳ ለምለም ቅጠል ይቀነጥሳሉ። ከእነዚህ መካከል አንዲት ድኩላ ነበረች። ቀንድ የላትም፣ ጉልበቷም ይህን ያህል አይደለም፤ በዚያ ላይ ገና ጡት ያልጣለ ግልገል ነበራት። እልኳ ግን ሌላ ነበር።

አንድ ጠዋት ትልልቅ መኪናዎች እያጓሩ ዳገቱን ወጡ። ዛፍ ተገነደሰ፣ መሬት ተቆፈረ፣ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። እንስሳቱ ተደናግጠው ወዲያ ወዲህ ሲራወጡ ቀበሮ አንድ ጉቶ ላይ ወጣችና ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ወዳጆቼ፣» አለች ድምጿን አለስልሳ፣ «ይህ ጫካ አበቃለት። ዛሬ ዛፉን የቆረጡ ነገ ወደ እናንተ ይዞራሉ። እኔስ ለራሴ አላስብም፤ የምጨነቀው ለእናንተ ነው። ከገደሉ በታች ሸለቆ አለ። ውኃው ኩልል ያለ፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ። መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ።»

«በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ሲል የከርከሮዎቹ አባት ጠየቀ።

«በጠባቧ የድንጋይ በር በኩል። አንድ በአንድ ሆናችሁ ታልፋላችሁ።»

ቀበሮ ያልተናገረችው ነገር ነበር። ከድንጋዩ በር ማዶ አያ ጅቦ ተጋድሞ ይጠብቅ ነበር። ሁለቱ ተዋውለዋል፦ እሷ ትልካለች፣ እሱ ይበላል፣ የተረፈውን እሷ ትወስዳለች።

ጉሬዛዎቹና ሚዳቋዎቹ ገና ሲያመነቱ ከርከሮዎቹ ልጆቻቸውን አስከትለው ለመሄድ ተሰለፉ። ድኩላዋ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እኔ አልሄድም፣» አለች።

ቀበሮ ጆሮዋን አቆመች። «ምን አልሽ?»

«አልሄድም አልኩ። እናቴ እዚህ ወለደችኝ፣ እኔም እዚህ ወለድኩ። ሰዎቹ መጡብኝ እንጂ እኔ አልመጣሁባቸውም።»

«ታዲያ በምን ልትመክቻቸው ነው? ቀንድ እንኳን የለሽም እኮ!» ቀበሮ ከትከት ብላ ሳቀች።

«እዋጋለሁ መች አልኩ? እኖራለሁ ነው ያልኩት።»

«ሞኝ ነሽ!»

«ሞኝ በይኝ። አልለቅም።»

ከርከሮዎቹ ቁልቁል ወረዱ። ድኩላዋ ከዓይኗ እስኪሰወሩ አየቻቸውና ግልገሏን ይዛ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ነበሩ። የምትጠጣበት ምንጭ ቱቦ ውስጥ ገባ። በምትተኛበት ቁጥቋጦ ላይ መንገድ ወጣበት። አንድ ቀን ደግሞ ግልገሏ እየዘለለ ሄዶ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እናት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ጮኸች። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሮጠው ሲመጡም አልሸሸችም።

«ምሳ ራሱ መጣልን!» አለ አንዱ ሠራተኛ እየሳቀ።

«እንዳትነካው!» አሉ ከኋላ ጋሽ ጉደታ የሚባሉ ዘበኛ። «እናቱን አታያትም? እኛን ፈርታ እንኳን ልጇን ጥላ አልሄደችም። በል፣ ቀስ ብለህ አውጣላት።»

ሠራተኛው አፈረ። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ግልገሉን አቅፎ አወጣውና ዳር ላይ አስቀመጠው። ድኩላዋ ልጇን እየላሰች ወደ ጫካው ስትገባ አንድ ነገር ገባት። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ መሸሽም ብቻውን አያድንም። ሰዎቹን ማወቅ አለባት።

ከዚያን ቀን ጀምራ ከቅጠል ጀርባ ሆና ታያቸው ጀመር። ከወንዝ አሸዋ እየተጫነ የሚመላለስ አንድ አህያ ነበር፤ እሱም ያየውን ይነግራታል።

«አየሽ፣» አላት አንድ ቀን ጭነቱ ወርዶለት ሲያርፍ፣ «እነዚህ ሰዎች በደወል ነው የሚኖሩት። ተማሪዎቹ ሲመጡ ታያለሽ። ደወል ሲደወል ግልብጥ ብለው ይወጣሉ፤ ድጋሚ ሲደወል ጥርግ ብለው ይገባሉ። ከዚያ ግቢው ጭር ይላል።»

«ስንት ጊዜ ይደወላል ጋሼ?»

«እሱን እንኳን አልቆጠርኩም፤ እኔ ዱላ ነው የምቆጥረው።»

ድኩላዋ ራሷ ቆጠረችው። ኮሌጁ ተከፍቶ ተማሪዎቹ ሲገቡ የደወሉን ሰዓት ከጥላው ርዝመት ጋር እያስተያየች አጠናችው። ተማሪዎቹ ክፍል ሲገቡ ወጥታ ትግጣለች፤ ሊወጡ ሲሉ በግቢው ዳር ወደተተከለው ጥቅጥቅ ያለ የሰንሰል ቁጥቋጦ አጥር ትገባለች። ድንገት ሰው ቢመጣባት መሮጥ ትታ ቀጥ ብላ መቆም ለመደች። ቡናማ ገላዋ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ በቅጠል መሃል ከሚያልፈው ፀሐይ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰዎች በአምስት እርምጃ ርቀት ሳያዩዋት ያልፋሉ።

እሷ ብቻ አልነበረችም። ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠው ወይራ ከጉቶው ዙሪያ አሥር ቀንበጥ አወጣ። በርቧት ሁሉንም ልትጨርሰው ስትል ቆም አለችና ከዳር ዳር ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀነጠሰች፤ ቀሪው እንዲያድግ ተወችው። አትክልተኛው ከላይ የሚከረክመው አጋም ወደ ላይ ማደግ ሲከለከል ወደ ጎን ተንሰራፋ፤ እሾሁም ጥቅጥቅ አለ። ከጽዱ በታች ያለው ሣር በተረገጠበት በኩል አጥሮ፣ ባልተረገጠበት በኩል ረዝሞ በቀለ። ጉሬዛዎቹም ዝግባው ተቆርጦ መንገዳቸው ሲቋረጥ ሦስት ቀን አለቀሱ፤ በአራተኛው ቀን አንዱ ደፍሮ በቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ ዘለለና ማዶ ካለው ጽድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በዚያው መሻገር ጀመሩ።

አንድ ቀን አህያው ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ድኩላዋ።

«በድንጋዩ በር በኩል አሸዋ ስንጭን የከርከሮዎቹን አጥንት አየሁ። ትልቁም ትንሹም እዚያው ነው። አያ ጅቦ ሆዱን አሳብጦ ተኝቷል። ጌታዬ ዱላ ባይይዝ እኔም አልተርፍም ነበር። ቀበሮዋም አጠገቡ ቁጭ ብላ ትርፍራፊ ትለምነዋለች።»

ድኩላዋ ወዲያው ሚዳቋዎቹ ወዳሉበት በረረች። ቀበሮ አስቀድማ መጥታ አግባብታቸው ኖሮ ልጆቻቸውን አሰልፈው ሊወርዱ ነበር። ድኩላዋ መንገዱ መሃል ቆመች።

«ከዚህ ማንም አያልፍም!»

«ምን አገባሽ?» አለች ቀበሮ።

«ከርከሮዎቹ የት አሉ? አንቺው ንገሪያቸው! የልጆቹን አጥንት ማን ጋጠው?»

ቀበሮ ዓይኗን ሰብራ ከመንገዱ ዞር አለች። ሚዳቋዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እዚህም እኮ ፈራን፣» አለች የሚዳቋዎቹ እናት እያለቀሰች። «መኪናው፣ ጫጫታው... እንዴት ነው የምንኖረው?»

«እኔም ፈርቻለሁ። ኑ፣ የማውቀውን አሳያችኋለሁ።»

ቀበሮም ተዋርዳ ወደ ሸለቆው ወረደች። አያ ጅቦ ግን ለውርደቷ ደንታ አልነበረውም።

«ምሳዬስ?» አላት።

«ዛሬ የለም። ድኩላዋ አበላሸችብን።»

«ትናንትም የለም አልሽ። ነገም የለም ልትዪ ነው። እንግዲህ አንቺን ነው የምበላው!»

ቀበሮ ፈጥና አሰበች። «ኧረ አያ ጅቦ! እኔ ምን ሥጋ አለኝ? ድኩላዋ እኮ ከነግልገሏ እላይ ሰብታ ተቀምጣለች። ጠዋት ሰዎቹ ክፍል ሲገቡ ግቢው ባዶ ነው። በፍሳሹ ቦይ በኩል ግባ፣ ብላ፣ ውጣ።»

«ሰው የለም አልሽ?»

«አንድም የለም።»

«በቃ፣ ሁለቱንም እበላለሁ፤ ላንቺ ግን አላስተርፍም፣» አለ ጅቡ፤ በዚህም ብልጥ የሆነ መሰለው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ድኩላዋ ከግልገሏ ጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስትግጥ ጉሬዛው ከጣሪያው ላይ ጮኸ። ቀና ስትል አያ ጅቦ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከቦዩ ሲወጣ አየችው። ግልገሏን በአፍንጫዋ ገፍታ ሰንሰሉ ሥር አስገባችውና ብቻዋን ፊት ለፊት ቆመች። ጥላውን አየች፤ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ቀርቶታል።

«ለምን አትሮጪም?» አለ ጅቡ ግራ ገብቶት።

«ቤቴ ነው። ለምን እሮጣለሁ?»

«ልበላሽ ነው እኮ የመጣሁት!»

«እሱማ ገብቶኛል። መጀመሪያ ያዘኝ።»

ጅቡ ተወረወረ። እሷ ወደ አጋሙ ዘለለችና ራሷ እንኳን በጭንቅ በምታልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። ጅቡም ግዙፍ ገላውን ይዞ ተከተላት፤ እስከ ትከሻው ገባና ተቀረቀረ። እሾሁ ከአንገቱም ከጎኑም ያዘው። ወደፊት ሲል ይወጋዋል፣ ወደኋላ ሲል ይብሳል።

«አውጡኝ!» እያለ ሲያጓራ ደወሉ ተደወለ። ክፍሎቹ ተከፈቱ፤ ተማሪዎቹ ግልብጥ ብለው ወጡ። «ጅብ! ጅብ!» የሚል ጩኸት ግቢውን ሞላው። ጋሽ ጉደታ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። አያ ጅቦ በድንጋጤ ራሱን መንጭቆ ሲያወጣ ግማሽ ጸጉሩ እሾሁ ላይ ቀረ፤ በቦዩ ተንደርድሮ ወጥቶ ከሸለቆውም አልፎ ዳግመኛ ወደማይታይበት አገር ሄደ።

ጉሬዛዎቹ ከጣሪያው ላይ፣ ሚዳቋዎቹ ከሰንሰሉ ሥር ሁሉን አይተው ነበር። ያን ቀን ከመካከላቸው ስለ መሄድ ያነሳ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበሮ ከስታ፣ ጅራቷን ጎትታ ወደ ግቢው አጥር መጣች።

«እመት ድኩላ፣» አለች፣ «ራበኝ። የት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ ንገሪኝ። እኔ እንኳን ይህን ጫካ አላውቀውም፤ የድሮው ጫካ አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም፣» አለች ድኩላዋ። «እኔም የድሮዋ ድኩላ አይደለሁም። መኖር ከፈለግሽ አልከለክልሽም። መንገዱን ግን እኛ እንደተማርነው ራስሽ ተማሪው፤ ከልጆቻችን ደግሞ ራቂ።»

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ አንገቷንም ሳታቀረቅር ወደ ልጇ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንኖርበት ቦታ ሲለወጥብን ልቀቁ ለሚለን ሁሉ እጅ ከመስጠት ይልቅ ለውጡን አጥንተን፣ ራሳችንን አላምደንና እርስ በርስ ተደጋግፈን ጸንተን መቆም እንደሚገባን ነው።