ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ስም

በአንድ ወቅት፣ ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ የሚል ደንብ በወጣበት ዓመት፣ በአንዲት ደጋ ከተማ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከጓሯቸው ባለችው ሰርቪስ ቤት መምህርት አልጋነሽ አሥራ አንድ ዓመት ተከራይተው ኖረዋል። ወይዘሮዋ አስም ጠንቶባቸው ቆላ ወደ እህታቸው እስኪወርዱ ድረስ ያስታመሟቸው እኚሁ ተከራይ ናቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ወር ሰጠ። በዚያ ጊዜ ፈቃድ ካልተገኘ ተከራይ ይወጣል። ወይዘሮ የሺመቤት ለሦስቱም ልጆቻቸው ደወሉ።

«አልጋነሽ ከዚያ ቤት እንዳትወጣብኝ። እሷን ያስቀረልኝ ልጅ ሰርቪስ ቤቱን ይውሰድ፤ ፈቃዱም በስሙ ይውጣ።»

ደንቡ ተከራይ የራሱ በርና መጸዳጃ ቤት ይኑረው ይላል። የበኩር ልጃቸው አጥናፉ ግንበኛ ነው። የጀመረውን ሕንፃ ለሌላ ለቆ መጣ። አባቱ የካቡትን የድንጋይ አጥር ከፍቶ በር አወጣ፤ ለመጸዳጃው ጉድጓድ ሃያ ሦስት ቀን አለት ፈለጠ። ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ግንቡን በእጁ ዳሰሰና «የማን ሥራ ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አለ አጥናፉ።

በሩ ተሠራ፤ ፈቃዱ ግን አልመጣም። ሰርቪስ ቤቷ በይዞታው ካርታ ላይ አልነበረችም። ሁለተኛዋ ልጅ ብዙነሽ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ከካርታው በፊት የተሠራ ቤት በጎረቤት ምስክርነት ይመዘገባል የሚል አንቀጽ አገኘች። ቤቷ ስትሠራ ጭቃ ያቦኩ አምስት ሽማግሌዎች ፈልጋ፣ መራመድ ያቃታቸውን አንዱን አሸክማ ማዘጋጃ ቤት ቀረበች።

«ይህን አንቀጽ አንብቦ የመጣ ሰው የለም» አለ ሹሙ።

«ዛሬ መጣ» አለች።

ካርታው ተስተካከለ። አንድ ነገር ቀረ፤ ከባለቤቱ ቤተሰብ አንድ ሰው እዚያው ግቢ መኖር አለበት። አጥናፉና ብዙነሽ በየፊናቸው ጎጆ ወጥተው ልጆች ያስተምራሉ። ትንሹ ተካልኝ ሩቅ ከተማ መካኒክ ነበር፤ ስምንት ዓመት ለፍቶ የጋራዡ ኃላፊ ከሆነ ገና ወሩ ነው። ሥራውን ተወ፤ ዕቃውን ጭኖ፣ ሚስቱን ይዞ ገባ።

«እዚህ ምን ልትሠራ ነው?» አለችው ብዙነሽ።

«ከታች እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈቃዱ ተፈቀደ። መምህርት አልጋነሽም ከቤታቸው አልወጡም።

ወይዘሮ የሺመቤት ለመፈረም ከቆላ መጡ። በአዲሱ በር ገቡ፤ ካርታውን አስነበቡ፤ የተካልኝን ሚስት አቅፈው ሳሙ።

«እማዬ፣ በር ባይኖር ማን ካርታ ይጠይቅ ነበር?» አለ አጥናፉ።

«ካርታ ላይ ለሌለ ቤት በር ምን ያደርግለታል?» አለች ብዙነሽ።

«እናንተ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ወደየቤታችሁ ገባችሁ» አለ ተካልኝ። «የእኔ ግን ገና መጀመሩ ነው።»

እናትየው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። «እንዲህ ያሉ ሦስት ልጆች ወልጄ፣ አንድ ሰርቪስ ቤት ብቻ መሥራቴ ቆጨኝ» አሉ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ግን ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ደንቡ የሚቀበለው አንድ ስም ነው፤ ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ የሰጡትን ቃል አጥፈው አያውቁም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የማን ስም ይጻፍ?