ማንም ያልጻፈው ድንጋይ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መሪጌታ ጸዳሉ፣ ጥያቄው ገና ከተማሪያቸው አፍ ወጥቶ ሳያልቅ። ተማሪው አስማረ የጠየቃቸው፣ «የኔታ፣ ሰው አንድ ነገር ሲገጥመው ከላይ የተላከለት ምልክት መሆኑን በምን ያውቃል?» ብሎ ነበር። መሪጌታ ደግሞ መልስ ሲጠየቁ ተረት መጀመር ልማዳቸው ነው።

ገበሬው ፊደል አልቆጠረም፤ ለጽሑፍ ያለው ክብር ግን የተማረውን ሁሉ የሚያሳፍር ነበር። መንገድ ላይ የወደቀ ብጣሽ ወረቀት ካየ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሰው እንዳይረግጠው ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሰካዋል። የጨው መጠቅለያም ቢሆን ግድ የለውም።

አንድ ሐምሌ የጤፍ ማሳውን ከመዝራቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ መታ። ቆፍሮ ቢያወጣው እንስራ ያህላል። ጭቃውን አጥቦ ሲያየው ክው አለ። ድንጋዩ ነጭ ነው፤ በነጩ ላይ ግራጫ ምልክቶች ተሰድረዋል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ታጠፍ ያለ፣ አንዱ ባለ እግር። የጥንት ሰው የጻፈው እንጂ ሌላ ምን ይመስላል? ገበሬው ቆቡን አወለቀ። ከዚያም በሬዎቹን ፈታ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት የምትፈታው?» አለችው ሚስቱ።

«ጽሑፍ ያለበት መሬት ይታረሳል እንዴ? መጀመሪያ የሚለውን ልስማ።»

«እኛስ ምን እንበላለን? ያለን ማሳ እሱ ብቻ ነው። የጤፍ መዝሪያው ደግሞ እያለፈ ነው።»

«ሁለት ቀን ብቻ ታገሺኝ» አላት።

ድንጋዩን በአህያ ጭኖ አንድ ደብተራ ዘንድ ወሰደው። ደብተራው አገላብጦ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ያን ያህል መንገድ ለፍቶ መጥቶ አላውቀውም ማለት ከበደው። «ከግዕዝ በፊት የነበረ ፊደል ነው» አለ።

«ምን ይላል?»

«ቁጡ ነው። በጣም ቁጡ ጽሑፍ ነው።»

ገበሬው ይህን ሲሰማ ማረሱን ጨርሶ ተወ። ድንጋዩን ደጁ ላይ ነጠላ አንጥፎ አስቀመጠው። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በሦስተኛው መስመር ላይ በግ የሚመስል ምልክት አየና በግ ታረደ። ከዚያ በኋላማ ላንብብ የሚለው በዛ። አንዲት ባልቴት የራቀ ልጇ እንደሚመለስ አነበበች፤ ንብ አርቢው ዘንድሮ ማር በማር እንደሚሆን አነበበ፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሁሉ አነበቡ። ምንም ያላነበበው ባለ ድንጋዩ ብቻ ነበር። ነሐሴ እንዲህ አለቀ። የጎረቤቱ ጤፍ ጉልበት ሲደርስ የሱን ማሳ አረም ዋጠው። ልጆቹን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባ ጀመር፤ እንዳያርስ ደግሞ ቁጡውን ጽሑፍ ፈራው።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ድንጋይ ጠራቢ በዚያ ሲያልፉ የተሰበሰበውን ሰው አዩ። ጠጋ ብለው ድንጋዩን አዩና ሳቁ።

«ማን ጻፈው ትላላችሁ?»

«የጥንት ሰዎች ናቸው፣ አባቴ» አለ ገበሬው።

«የሚጽፍ ሰው በድንጋይ ፊት ላይ ይጽፋል እንጂ ሆዱ ውስጥ ገብቶ አይጽፍም። እንካ መዶሻ፤ ስበረውና እይ።»

ሰዉ ጮኸ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ያ ደብተራም «መቅሠፍት ይመጣል!» አለ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እየሸሸ። ብጣሽ ወረቀት እንኳ ረግጦ የማያውቅ ሰው ጽሑፍ በመዶሻ ሊመታ! ገበሬው ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። እሷ ድንጋዩን አልነበረም የምታየው፤ ማሳውን ነበር። መዶሻውን አነሣና መታ።

ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡም ጽሑፍ ነበረ። ደግሞ መታው፤ አሁንም ጽሑፍ። ላብ እስኪያጠምቀው ሰባበረው። ጥፍር የምታህለው ስብርባሪ እንኳ ሁለት ሦስት ፊደል ይዛ ተገኘች።

«ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ቀልጦ የረጋ ነው» አሉ ጠራቢው። «ሲረጋ ነጩና ግራጫው አብረው ይጠጥሩና እንዲህ ተጠላልፈው ይቀራሉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል ሙሉውን እንዲህ ነው። አርባ ዓመት ጠረብኩት፤ አንድም ቀን አንብብልን ያለኝ ሰው የለም።»

ገበሬው መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ተናደደ። የታረደው በግ ትዝ ሲለው ግን ሳቅ አሸነፈው፤ ሚስቱም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ደብተራው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

በሬዎቹን በዚያው ሰዓት ጠመደ። ጤፉ አምልጦታል፤ መስከረም ላይ እርጥበቱ ሳያልቅ ሽምብራ ዘራ፣ ሽምብራውም ያዘለት። ያን ዓመት ቤተሰቡ ጠዋት ሽሮ፣ ማታም ሽሮ በላ፤ ተርቦ ያደረ ግን አልነበረም። ስብርባሪውን ደጁ ላይ ጭቃ በሚይዝበት ቦታ ደለደለው።

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ አስማረ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ድንጋዩ ውብ ነበር፤ የፈጠረውም እግዚአብሔር ነው። ለዚያ ገበሬ የተጻፈ ደብዳቤ ግን አልነበረም። አንተም ምልክት ነው ብለህ ሥራህን ከመፍታትህ በፊት እንዲሁ ከፍተህ እየው። ባለፈው ማክሰኞ ሽማግሌዎችህ ልታገባት ወደምትፈልጋት ልጅ አባት ሲሄዱ የአንደኛው በቅሎ መንገድ ላይ ተኛች ብለህ መልሰሃቸዋል አሉ።»

አስማረ አንገቱን ደፋ። «አትሂዱ የተባልን መስሎኝ ነው፣ የኔታ።»

«እኔ የበቅሎዋን ጌታ ጠየቅሁት። ሰኞን ሙሉ እህል ስታመላልስ ውላለች። ደክሟት ነው የተኛችው።»

አስማረ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ፊቱ ቅጭም አለ። «ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«የሌላ ጎረምሳ ሽማግሌዎች እሑድ ከልጅቷ አባት ቤት ቀጠሮ ይዘዋል» አሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን እያነሡ። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?»