ወጌሻው ያልቆመበት መንገድ

ችሎት አስከባሪ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሰውን ዝም ማሰኘት ስለነበረ ጆሮዬ ያልሰማው ነገር የለም። መኪና የገጨውም፣ በሐኪም እጅ ጎደልኩ የሚለውም፣ ተራው ደርሶ ሲናገር አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ዳኛው ፈገግ ይላሉ፣ ጠበቃው ራሱን ይነቀንቃል። መነሻዋን ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ልጃቸውን ገጭቶ ያመለጠ ሾፌር የሚከሱ ሽማግሌ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ አጫወቱኝ።  አሁን ስጽፈው እንኳ ደህና አይደለሁም፣ ምን እዋሻለሁ።

ጊዜው መኪና የሚባል ነገር ያልታየበት፣ መንገደኛን የሚገጨው በቅሎ የነበረበት ዘመን ነው። ደባልቄ የሚባል ወጌሻ ነበር። በዚያ አገር የተሰበረ የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው። ዓምና ግን የአንድ ገበሬ እግር አጥብቆ አስሮ ሳይፈታው ሰነበተና እግሩ ጠቁሮ ሰውየው ሞተበት። የሟች ዘመዶች ይቅር ያሉት በስንት ሽማግሌ ልመና ነው። ከዚያ ወዲህ ደባልቄ ሰው ሲያክም በአንድ ዓይኑ ስብራቱን፣ በአንድ ዓይኑ በሩን እያየ ሆነ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ባላባት ልጁ ከፈረስ ወድቆ ትከሻው ወለቀበት። «ዛሬውኑ ድረስ፤ ባትደርስ እንተያያለን» ብሎ ላከበት። እንተያያለን የምትለዋ ቃል ከባላባት አፍ ስትወጣ ምን ያህል እንደምትከብድ የደረሰበት ያውቃታል። ደባልቄ በቅሎውን ጭኖ ወደ ጥቁሪት ወንዝ ቁልቁለቱን ይጋልብ ጀመር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ ወገን ዓለት፣ ባንድ ወገን ገደል። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ከወንዙ ራስጌ ያለው ተራራም እየተሰነጠቀ ያጉረመርማል እየተባለ አገሩ ፈርቶ ሰንብቷል።

አባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌና ትሁኔ የምትባል ልጃቸው ጌሾ ይዘው ወደ ገበያ እየሄዱ ነበር። ጋላቢ ሰው ኩርባ ላይ ሲደርስ «መንገድ! መንገድ!» ብሎ መጮህ ወግ ነው። ደባልቄ ሐሳቡ ማዶ ስለነበረ አልጮኸም። የበቅሎዋ ደረት ትሁኔን አንሥቶ ከዓለቱ ጋር አላተማት። ቅልጥሟ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ።

ደባልቄ ዞሮ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ደም ብቻ ነበር የሚታየው፤ እሱ ግን የሚሆነውን ሁሉ አወቀ። እግሯ ከቁስሉ በላይ ካልታሰረ ደሟ ሳይመሽ ያልቃል። አስሮ የሚያድናት ደግሞ ከእሱ በቀር የለም። ልጓሙን ሳብ አደረገ። ወዲያው ያ የጠቆረ እግር ዓይኑ ላይ መጣበት።

«አሁን ብሄድ በቅሎ ገጫት ይባላል» አለ በልቡ። «ነክቻት ብትሞት ግን ደባልቄ ገደላት ነው የሚባለው። ሁለተኛ ማን ይምረኛል?»

ፍርሃት ክፉ አማካሪ ነው። በቅሎዋን ኮለኮላት።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ አባ ይርዳው።

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የበዳይና የተበዳይ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠርና እንደተቆራኙ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ጉልበተኛም ሆነ ሌባ፣ ቃሏን ሰምቶ የሄደ አልታየም። ደባልቄ ጋቢውን ጆሮው ላይ ጠቅልሎ ሄደ።

ከታች ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። በክረምት መንገደኛ የሚያሻግር ጓንጉል የሚባል ዋናተኛ ዳር ላይ ቆሟል።

«አሻግረኝ፣ ቶሎ በል!» አለው ደባልቄ።

«ጥቁሪት ዛሬ ለሰው አትመችም ጌታው። ይደሩና ነገ ጠዋት ይሻላል።»

«ባላባቱ ጠርቶኛል እኮ ነው የምልህ!»

የሽማግሌው ድምፅ ከላይ ከቁልቁለቱ ወረደ። ጓንጉል ጆሮውን ወደዚያው ጣለ።

«እርስዎን አይደለም የሚጠሩት?»

«ሌላ ሰው ይሆናል።»

«ከእርስዎ ሌላ በዚህ የወረደ ሰው የለም» አለና ጓንጉል በበቅሎዋ ደረት ላይ ያለውን ደም አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላው ሸሸ። «በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አላሻግርም። ልጆች አሉኝ።»

ደባልቄ ብቻውን ገባ። ውሃው የበቅሎዋን ሆድ፣ ቀጥሎም የኮርቻውን ጫፍ ነካ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው እንደገና ጮኹ። የአሁኑ ጩኸታቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር።

«በሕግ አምላክ! ልጄ አለቀች፣ በሕግ አምላክ!»

ውሃው ዝም አለ።

ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረው ድምፅ ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የደነቆረ መሰለው። ወንዙ ከኮርቻው ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ሰኮና ወረደ። ዓሣዎች እርጥብ ድንጋይ ላይ ይዘሉ ጀመር። ፀሐይ አይተው የማያውቁ ቋጥኞች ጥቁር ጀርባቸውን አወጡ። ወፍ እንኳ አልጮኸችም። ጓንጉል አማተበ።

ደባልቄ ማዶ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ቀርቶታል። መንገዱ ደርቋል፣ የሚይዘው ሰው የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደባልቄ እግዜር ከፈተልኝ ብሎ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ፈራ።

«ውሃው ሰማ» አለ። «እኔ አልቆምም ስል ውሃው ቆመ!»

ከበቅሎዋ ወረደና ልጓሟን ጎተተ። በቅሎዋ አራት እግሯን ተክላ እንቢ አለች። ለቀቃትና በመጣበት በኩል ወደ ኋላ ሮጠ። ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለቴም በአራት እግሩ እየዳኸ ተነሣ። ዳር ሲደርስ ጓንጉል ክንዱን ይዞ አወጣው።

ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ተራራው አገሣ። ከራስጌ የቤት ቁመት የሚያህል ጭቃ፣ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እየገለበጠ መጣ። በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ጠራርጎ ወሰዳት። ደባልቄ ቆሞ የነበረበት ቦታ አሁን ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የማይታይበት ውሃ ሆነ። ደባልቄ የወረደበትን ቁልቁለት በእግሩ እየሮጠ ወጣ። ጓንጉልም ተከተለው።

አባ ይርዳው የልጃቸውን ጭን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። ደሙ በጣታቸው መካከል ይወጣል። የትሁኔ ከንፈር ነጥቷል።

ደባልቄ ተንበረከከና የጋቢውን ጫፍ ከሽማግሌው ኩታ ጫፍ ጋር በገዛ እጁ ቋጠረ።

«ይኸው ታስሬያለሁ አባቴ፣ አልሸሽም። ግን ፈርቻለሁ። በእጄ ላይ ብትሞትስ?»

«ሞክረህ ልጄ ብትሞት ዳኛ ያይልሃል» አሉ አባ ይርዳው። «ሳትነካት ብትሞት ግን ምን ብለህ ልትቆም ነው? በል እጅህን አምጣ!»

ደባልቄ ከጋቢው ያልተቋጠረውን ወገን ቀደደ። ከቁስሉ በላይ አሰረ። የሽማግሌውን ምርኩዝ ለእግሯ መደገፊያ እንዲሆን ጓንጉል በድንጋይ ለሁለት ሰነጠቀለት። አጥንቱን ወደ ቦታው ሲመልስ ትሁኔ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች።  ደባልቄ ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ፤ ትተነፍሳለች። ደሙ ሲቆም፣ ዓምና ያላደረገውን አደረገ፤ ማሰሪያውን ላላ አድርጎ ጣቶቿን ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ናቸው። ጠበቀ። ደግሞ ዳሰሰ። በሕይወቱ እንዲያ የረዘመበት ጊዜ አልነበረም።

«አባ» አለች ትሁኔ በመጨረሻ፣ «እግሬ አለ?»

አባቷ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙ።

«አለ እህቴ» አላት ደባልቄ። «እስቲ አውራ ጣትሽን አንቀሳቅሺልኝ።»

ጣቷ ተንቀሳቀሰች። ደባልቄ ፊቱን በተቀደደው ጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

የሰበረ ያስታምም የሚል ወግ ነበርና አርባ ቀን ከአባ ይርዳው ቤት ሳይወጣ አስታመማት። እያነከሰችም ቢሆን በእግሯ ሄደች። የባላባቱን ልጅ ትከሻ አንድ ምናምንቴ ጎትቶ መልሶታል አሉ። ባላባቱም የወንዙን ወሬ ሲሰማ እንተያያለን ማለቱን ተወ።

ከዚያ በኋላ በዋርካ ሥር ዳኛ ሲሰየም ደባልቄና አባ ይርዳው ልብሳቸው እንደገና ተቋጥሮ ቀረቡ። ዳኛው ጠየቁት፤

«የተመለስከው አዝነህ ነው ወይስ ፈርተህ?»

«ፈርቼ ነው ጌታዬ። ማዘኑ የመጣው በኋላ ነው።»

ዳኛው እውነቱን ስለተናገረ ቅጣቱን አቀለሉለት። የተሰበረ ሰው ሁሉ፣ ድኻም ይሁን ባላባት፣ በመንገድ ላይ ቢያገኝ ሳይቆም እንዳያልፍ ግን አስማሉት። በዚህ መካከል ከሕዝቡ አንድ ብልጥ ነኝ ባይ ብድግ አለ።

«በከንቱ ሰው አታስፈራሩ! ተራራው ተንዶ ወንዙን ገድቦት ነው፤ በኋላ ናዳው ሲፈርስ ውሃው መጣ፣ በቃ። ሕግ ምን አገባው?»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ዳኛው በእጃቸው ዝም አሰኙና ምስክሩን ጓንጉልን ጠሩት።

«ናዳውን ኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እውነቱን ነው» አለ ጓንጉል።  «ግን ስንት ክረምት ቆሞ የኖረ ተራራ ለመናድ ያቺን ሰዓት ለምን መረጠ? እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም ጌታዬ፤ ዳር ቆሜ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምመሰክረው፤ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል።»