ስሙ ማነው ዳገት

ከቀጨሞ ወንዝ ወደ ማክሰኞ ገበያ የሚያወጣው ዳገት እስከ ዛሬ «ስሙ ማነው» ይባላል። በዚያ የሚያልፍ ሰው፣ አህያው ጭነት ጥላበትም ይሁን አዋላጅ ሊጠራ ይሩጥ፣ ሕፃን ልጅ ቅጠል ጠቁሞ «ስሙ ማነው?» ካለው ሳይመልስ ማለፍ ነውር ነው። መቆም ባይችል እንኳ እየሮጠ ይመልሳል። እኔ መቼም ችኩል ነኝና በዚህ ዳገት ያልተበሳጨሁበት ማክሰኞ የለም፤ የነገሩን አመጣጥ ሳስብ ግን አፌን እይዛለሁ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ከዳገቱ ሥር አያ ጓንጉል የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ይኖሩ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ወጥተው ቅጠል ይቆርጣሉ፣ ሥር ይምሳሉ። ስሙ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል ሲባል ከአባታቸው ስለ ሰሙ፣ እውቀታቸውን ሊሞቱ ሲሉ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው ሊነግሩ አስበው ነበር ይባላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ገና አልወሰኑም።

አትጠገብ የምትባል የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። ይህች ልጅ መቀመጥ አታውቅም፤ ኮቴያቸውን ተከትላ ትወጣና «አባባ፣ ይኼስ ስሙ ማነው? ይኼስ ለምን ይሆናል?» እያለች ጋቢያቸውን ትጎትታለች። እሳቸው ዝም። ቤት ሲመለሱ ብቻ «ልጅ አይጠይቅም!» ብለው ይገሥጿታል።

አንድ ዓርብ እናቷ ይታይሽ ውሃ ወርዳ ሳለ፣ ታናሽ ወንድሟ ጫኔ ትኩሳት ይዞት ያለቅስ ጀመር። አትጠገብም አያቷ ሲያደርጉ እንዳየችው ቅጠል ለቅማ፣ በድንጋይ ደቁሳ፣ ከጤና አዳም ጋር ለውሳ አጠጣችው። ይታይሽ ስትመለስ ልጇን ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ አየሩን ሲቧጥጥ አገኘችው። ኡኡታዋን ሰምተው አያ ጓንጉል ደረሱ። ማርከሻ አያጡም፤ ግን የአንዱ ማርከሻ ለሌላው መርዝ ነው፣ የተደቆሰውን ደግሞ የጤና አዳሙ ሽታ ውጦታል።

«ምኑን ነው ያጠጣሽው?» አሏት።

«አባባ የሚቆርጡትን።»

«የትኛውን? ስሙን ንገሪኝ እንጂ!»

«መች ነገሩኝ?»

ይህ ቃል የሽማግሌውን አንጀት በጠሰው ይባላል። ልጅቱን አዝለው ዳገቱን ተያያዙት። በየቁጥቋጦው እየቆሙ «ይኼ ነው?» ይላሉ፤ «አይደለም» ትላለች፤ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠየቁ ዝም ያሉት ሰው አሁን ጠያቂ ሆኑ። ከታች የይታይሽ ጩኸት ይሰማል፤ ጩኸቱ በድንገት ሲቆምማ ሩጫቸውን አፈጠኑት። በመጨረሻ ልጅቱ ከአንድ ካብ ሥር ነጭ መለከት የመሰለ አበባ ወዳለው አስተናግር ጠቆመች። የአስተናግሩን ማርከሻ ነቅለው ቁልቁል ሲንደረደሩ፣ ከጀርባቸው እንደ ልማዷ «ይኼስ ስሙ ማነው?» አለች።

አልተቆጡም። ትንፋሽ እያጠራቸው መለሱላት። «እንዶድ ነው ልጄ፣ ልብስ ይታጠብበታል እንጂ አይበላም። ያ ሳማ ነው፣ እንዳትነኪው፣ ይለበልባል። ያ ብሳና ነው።» እንደሚነገረው፣ ቤት እስኪደርሱ የጠየቀቻቸውን አንዱንም አላለፉም፤ ማለፍ ፈርተው ነበር። ሲደርሱ ጩኸቱ የቆመው የይታይሽ ድምፅ ተዘግቶ ነው እንጂ ልጁ ትንፋሽ ነበረው።

ጫኔ ተረፈ። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ እያየ፣ አያ ጓንጉል የሰፈሩን ሕፃናት ዳገቱ ላይ አውጥተው የእያንዳንዱን ተክል ስምና ጥቅም ጮክ ብለው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒታቸው ረከሰ የሚሉ አሉ፤ አልረከሰም የሚሉም አሉ። እሳቸው ግን «ይርከስ!» አሉ ይባላል።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የጎረቤት ልጅ ከዚያው ካብ ላይ የተጠመጠመች ቀጭን ሐረግ ጠቁማ ጠየቀችኝ። አላውቃትም። የማያውቅ ሰው ቅጠሉን ይዞ ይወርድና ጠይቆ በሚቀጥለው ገበያ ለጠየቀው ልጅ እንዲነግር ወጉ ያዘዋል። እኔም ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቅሁ፤ አንዱም አላወቃት። ቅጠሏ ኪሴ ውስጥ ደርቃለች፤ ነገ ማክሰኞ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ ካቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።