የአያ ቢተው አህያና የተሰፋው ስልቻ

ጠጋ በይ አስናቁ፣ ጋቢዬ ውስጥ ግቢ። ጥቅምት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይሉ የለ? እኔ አያትሽ መቼም አጥንት ብቻ ነኝ፤ ተጠጊኝ። የሒሳብ ደብተሩን ተይው፣ አይሮጥም። «ይኼ ፊደል ስንት እንደሆነ ፈልጊ ይለኛል» አልሽ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን እሱማ የአያ ቢተው ስልቻ ነው። መሐል ያሉት ሁለት ሰረዞች ደግሞ አህያዋ ናቸው። ሳቂ፣ ሳቂ! ስሚኝ ብቻ።

አያ ቢተው በአሞሌ ጨው ዘመን የነበረ ጫኝ ነው። ሀብቱ አንዲት አህያ፣ ስሟም አመዴ። አንድ ቀን ቀኛዝማች ደምለው የሚባሉ ቆንቋና ጌታ ጨው አስጫኑት። አሞሌውን ሁሉ በግራ አደረጉና፣ ጭነቱ እንዳያጋድል በቀኝ ትልቅ ድንጋይ አሰሩበት። አያ ቢተው መንገድ ላይ ድንጋዩን ጥሎ አሞሌውን ግራና ቀኝ እኩል አካፈለው። ቀኛዝማች ተቆጡ። «ድንጋዬስ? አንተን ማን አስብ አለህ?»

«ጌታዬ፣ ከሦስታችን አንዳችን ማሰብ ነበረብን፤ አመዴ ደግሞ ሥራ ላይ ነበረች።»

ቂም ያዙ። በገበያ ቀን ዳኛ አስቀምጠው አመዴን አስጫኗት። በግራ አፉ የተሰፋ ስልቻና ሦስት አሞሌ፣ በቀኝ አሥራ አንድ አሞሌ። ጭነቱ ቀጥ አለ። «ስልቻው ውስጥ ስንት አለ? ሳትፈታ ንገረኝ። ካላወቅህ አህያዋ የኔ ናት!»

አያ ቢተው ከስልቻው አጠገብ ያሉትን ሦስቱን አሞሌ አነሳ። ጭነቱ ዘመም አለ። «አበላሸኸው!» አሉ ዳኛው።

«ይታገሡኝ፤ ከአንዱ ጎረቤት ወስዶ ሌላውን መተው ጠብ ያመጣል።»

ከቀኝም ሦስት አነሳ። ጭነቱ ተመልሶ ቀጥ! በቀኝ የቀረውን ቆጠረና «ስምንት» አለ። ስልቻው ተፈታ። ዳኛው ቢቆጥሩ አሞሌው ሰባት ብቻ! ቀኛዝማች አመዴን በጆሮዋ ያዟት። አያ ቢተው ስልቻውን ገልብጦ ቢያራግፈው፣ ክብደቷ ልክ አንድ አሞሌ የሚያህል ድንጋይ ዱብ!

«ያቺ መንገድ ላይ የጣልኳት ወልዳለች ጌታዬ፤ ልጇንም ይቁጠሩልኝ።»

ዳኛው ግን ያን ዕለት ጠዋት በቀኛዝማች ቤት ሙክት ሲበሉ አርፍደዋል። ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ይህ ነገር ገና ይታያል። እኔ መሐል ነኝ፣ ለማንም አላደላም» አሉ።

«አመዴም መሐል ናት ጌታዬ፤ እሷ ግን ከማንም ቤት አልበላችም።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው አፍረው ለአያ ቢተው ፈረዱ። አመዴ እደጁ አርጅታ ሞተች። ቀኛዝማች ጨዋቸውን በሰው ትከሻ ማስመጣት ጀመሩ። ዳኛው አህያ ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበር። በድንጋይቱም አያ ቢተው ዕድሜውን ሙሉ በሩን ሲያስደግፍባት ኖረ።