የዳኛ ዝንጀሮ ገመድ

ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ ካቋረጣችሁኝ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ድሮ፣ እንስሳት ችሎት በነበራቸው ጊዜ፣ ዝንጀሮ ዳኛ ነበር። ሕጉም እንዲህ ይል ነበር፦ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፉ እስከ ቀጠሯቸው ድረስ በአንድ ገመድ ይቆራኙ።

አንድ ቀን አያ ጅቦ የበጊትን ግልገል በላ። በጊት እያለቀሰች ከሰሰች።

«ልጄን በላብኝ፤ ፍርድ ስጡኝ!»

«እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው» አለ ዳኛው። «ማስረዳት ያንቺ ፈንታ ነው። ለነገ ተቀጥሯል። እሰሯቸው!»

በነጋታው ጅቦ ገመዱን እየጎተተ ብቻውን መጣ።

«ከሳሽ የት አለች?»

«ጌታዬ፣ መንገድ ላይ ራበኝ። ልሞት ስል ነፍሴን ለማዳን በላኋት።»

«እንግዲያማ ችግር አስገድዶታል! ከሳሽም አልቀረበችም። ፋይሉ ይዘጋ!»

ይህን ያየች ፍየል በጓደኛዋ ደም ከሰሰች። እሷም ከጅቦ ጋር ታሰረች። በነጋታው ጅቦ ብቻውን መጣ።

«ጌታዬ፣ በቀንዷ ልትወጋኝ ስትል ራሴን ተከላከልኩ።»

«ሥጋዋስ የት ገባ?»

«እሱንም ተከላከልኩት።»

«ራስን መከላከል መብት ነው! ከሳሽም አልቀረበችም። ፋይሉ ይዘጋ!»

አያችሁልኝ? ሕግ አዋቂ ማለት ይኼ ነው!

በሦስተኛው ጊዜ የበጊት ጎረቤት ጃርት ቀረበ።

«ስለ ግልገሏም፣ ስለ በጊትም፣ ስለ ፍየሏም ከስሻለሁ» አለ።

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ጌታዬ፣ ገመዱን አሳጥሩልን» ብሎ ለመነ። አሳጠሩላቸው።

በነጋታው ሁለቱም መጡ። የጅቦ አፍና አፍንጫ እሾህ በእሾህ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ግልገሏንም፣ በጊትንም፣ ፍየሏንም በልቻለሁ! ብቻ ከዚህ ፍቱኝ!»

ዳኛው ተቆጣ፤ በጅቦ መሰላችሁ? በጃርት ነው እንጂ።

«አንተ ወንጀለኛ! የተከበረ ተከሳሽ ታቆስላለህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ተኝቼ ነበር፤ አፉን ያመጣው እሱ ነው። አጥፍተሃል ካሉኝ ግን ከሳሽ ይቅረብ። እንደ ሕጉ አብረን እንታሰር።»

ዳኛው ጅቦን አየ፤ ጅቦ አንገቱን ደፋ። ታዳሚውን አየ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። እኔው ልክሰሰው ብሎ አሰበና የጃርትን እሾህ አየ፤ ቀስ ብሎም ራቁት መቀመጫውን ዳሰሰ።

«ይህ ገመድ ጭካኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል! ጅቦም ጥፋቱን ስላመነ ምሕረት ተደርጎለታል!»

በጊትና ፍየል ሲበሉበት ያው ገመድ ጭካኔ አልነበረም። የሕግ ጭካኔ የሚታወቀው የዳኛውን መቀመጫ ሊወጋ ሲቃረብ ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። ቅር ያለው ይክሰሰኝ፤ ገመዱን ግን ይዞ ይምጣ።